የወተት ጥርስም አማና ነው
(ለየቲም አሳዳጊዎችና ለረጂ ቤተሰቦች የቀረበ ትምህርት)

በአላህ ስም እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ስለ የቲሞች ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ ትምህርታቸውና ስለ ተርቢያቸው ነው። ዛሬ ግን ለብዙዎቻችን ትንሽ የምትመስል ጉዳይ ይዤ ቀርቤአለሁ፤ ይኸውም ገና ታዝሎ ባለ ሕፃን ድድ ውስጥ ስለምትበቅለው ጥርስ ነው። ርእሱን ያነሣሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የወር ድጎማ ለማድረስ ከሁለት ወንድሞች ጋር ከሐራ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ሄድን። ከምንጎበኛቸው ቤቶች በአንደኛው አባቱ ሳይወለድ የሞተበት የስምንት ወር ወንድ ልጅ አለ። እናቱ ሥራ ፍለጋ ርቃ ሄዳለች፤ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ልጁ ከዚያ በፊት ባየሁት ቁጥር ጢሜን ለመያዝ የሚንጠራራ ነበር። ያን ዕለት ግን ከአያቱ ጀርባ ላይ አንገቱ ዘንበል ብሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ አገኘሁት። አፉ ዳር ላይ የደረቀ ደም ይታያል።

«እማማ፣ ልጁ ምን ሆነብዎ?» አልኳቸው።

«ተቅማጥ ይዞት ሰነበተ፣ ሸኹ። ጎረቤቶች ግግ ነው አሉኝና ትናንት አስወጣሁለት። የከፈልሁትም እናንተው ባለፈው ወር ከሰጣችሁኝ ላይ ነው። አላህ ይስጣችሁ፤ እናንተ ባትኖሩ ኖሮ በምን አስወጣለት ነበር?» አሉኝ።

ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁን በባጃጅ አድርሰን፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ወልድያ ተልኮ፣ ስድስት ቀን ተኝቶ ታከመ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፏል። ነገር ግን እናንተ አንባቢያን ከደመወዛችሁና ከንግዳችሁ ቀንሳችሁ ለየቲሙ ወተት ይሁን ብላችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ የምላጭ ዋጋ ሆኖ ዋለ። አያቲቱን አልወቀስኳቸውም። የወቀስኩት ራሴን ነው፤ ወር በወር ገንዘብ ስናስረክብ አንድም ቀን ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅምና።

ግግ የሚባለው ምን እንደሆነ የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ከተማ ለሚኖሩ ወይም ባሕር ማዶ ላሉ ወጣት አንባቢያን ግን ላስረዳ። ሕፃን ከአራት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ሲያስቀምጠው፣ ሲያስታውከው ወይም ሲያተኩሰው፣ አዋቂ የተባለ ሰው ድዱን ይዳብስና የክራንቻ ጥርስ በሚበቅልበት ቦታ ላይ ያበጠና ነጣ ያለ ነገር ያገኛል። «የበሽታው ምንጭ ይኸ ነው፤ ካልወጣ ልጁ ይሞታል» ይላል። ከዚያም በምላጭ፣ በወስፌ ወይም በሹል ሽቦ ድዱን ሰንጥቆ ነጭና ለስላሳ ነገር ፈልቅቆ ያወጣል፤ ለእናቲቱም «ትሉ ይኸውልሽ» ብሎ ያሳያታል። እናትም በዓይኗ ስላየች ታምናለች። ነገር ግን ያ የታየው ነገር ትል አይደለም። ገና ያልጠነከረ፣ አላህ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ያበጀው የልጁ የገዛ ጥርስ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ የጥርስ ቡቃያ ለስላሳና ነጭ ስለሆነ ላላወቀው ሰው ትል ይመስላል። በእያንዳንዱ ጤነኛ ሕፃን ድድ ውስጥም ይገኛል፤ ስለዚህ አውጪው ፈልጎ የሚያጣበት ቀን የለም።

ይህ ልማድ የወሎ ብቻ አይደለም፤ የሙስሊም ብቻ ወይም የክርስቲያን ብቻም አይደለም። በመላ ኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በሶማልያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና «ኢቢኖ» በሚል ስም በዩጋንዳ ይታወቃል። ከአገራችን ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከልጆቹ የብዙዎቹ የወተት ክራንቻ መውጣቱንና በአጠገቡ ያሉት ጥርሶችም መጎዳታቸውን አስፍረዋል። ባሕር ማዶ የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁን ለጥርስ ሐኪም ስታሳዩ ስለዚህ ነገር የምትጠየቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

እኔም ብሆን ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት የበኩር ልጄ ሰባት ወር ሲሆናት አስቀመጣት። እናቴ ግግ ነው አሉ። እኔ በመድረሳ ኪታብ የቀራሁ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ባዮሎጂ የተማርኩ ሰው ነበርኩ። ሆኖም አንዲት ቃል ሳልመልስ የልጄን ራስ በሁለት ጉልበቶቼ መካከል ይዤ ምላጩ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዛሬ እርሷ ራሷ እናት ናት። ስትሥቅ በታችኛው ድዷ በግራ በኩል ክፍተት ይታያል፤ ያ ጥርስ ከነጭራሹ አልበቀለም። የእርሷን ልጆች ድድ ማንም እንዲነካ አልፈቀደችም፤ እኔንም አላማከረችኝም።

እንግዲህ በዚያ ዕድሜ ሕፃኑን የሚያስቀምጠው ጥርስ ካልሆነ ምንድር ነው? አጋጣሚውን እናስተውል። ሕፃን ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያ ጥርሱ ብቅ ይላል። በዚያው ወር ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል። በዚያው ሰሞን መሬት ላይ ይዳዳል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያም በእነዚያው ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ገንፎ፣ ያልፈላ ውኃ፣ በደንብ ያልታጠበ ጡጦና ያልታጠበ እጅ በሽታውን ያስገቡታል፤ ሰው ግን የሚያየው ጥርሱን ነውና ጥፋቱን በጥርሱ ላይ ይጥላል። ጥርስ ማብቀል ለሐጭ ያበዛል፣ ሕፃኑን ያነጫንጫል፣ ድዱን ያሳክከዋል፣ ገላውን ትንሽ ሞቅ ሊያደርገው ይችላል። ብርቱ ተቅማጥንና 38 ዲግሪ የሚደርስ ትኩሳትን ግን አያመጣም። እነዚህ ከታዩ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው።

የጉዳቱ ሁለት ገጽታም ከዚህ ይገለጣል። አንደኛው ምላጩ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመረዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ)፣ እንዲሁም ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው በሚሸጋገር ደም የሚተላለፉ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ናቸው። ሁለተኛው የባከነው ጊዜ ነው። ሕፃንን በተቅማጥ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ ሲሆን፣ ቤተሰቡ «ግጉ ስለወጣ ይሻለዋል» ብሎ ሁለት ቀን ሲጠብቅ ሕፃኑ ይደርቃል። ያ ልጅ ጀርባ ላይ ዘንበል ብሎ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚህም ሌላ ቋሚው ክራንቻ ከወተቱ ክራንቻ ሥር መጠንከር የሚጀምረው በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ገደማ ነውና፣ ምላጩ አንዱን ሲያወጣ ሌላውንም ያቆስላል። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ የሚወጣው በዘጠኝና በዐሥር ዓመት አካባቢ በመሆኑ፣ የዚያ ልጅ ዕጣ ምን እንደሆነ የምናውቀው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሸሪዓው እንመለስ፤ ምክንያቱም «ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፤ ዲን ይከለክለዋል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን (ረ.ዐ.) ልጇን ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣች። በዘመኑ ልማድ መሠረት ለጉሮሮ ሕመም የልጇን እንጥል አካባቢ በጣት ተጭናለት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እናቶች ልጆቻቸውን በዚህ ዓይነት ለምን እንደሚያሠቃዩ በተግሣጽ ጠየቁ፤ በምትኩም የማያሠቃይ መድኃኒት፣ ቁስጥ የተባለውን የህንድ እንጨት እንዲጠቀሙ አመለከቱ። እርግጥ ነው ሐዲሱ ስለ ጉሮሮ እንጂ ስለ ጥርስ አይደለም፤ በጣት መጫንም ከምላጭ ጋር አይተካከልም። ነገር ግን ጣቱ ተግሣጽ ካስከተለ ምላጩን ምን እንለዋለን? እንጥል የሚያስቆርጡ ወገኖቻችንም ይህን ሐዲስ ልብ ይበሉት።

ሳይማሩ ማከምን በሚመለከትም አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ አለ፤ በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ሰውን ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ፉቀሃኦችም የሕፃን ጥርስን ችላ አላሉትም። በአገራችን ደረሶች የሚቀሩት የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» ገና የወተት ጥርሱን ያልቀየረን ሕፃን ጥርስ ስለነቀለ ሰው ይናገራል። ፍርዱ ይቆያል፤ ሌሎቹ ጥርሶች ወድቀው ሲበቅሉ ያ ብቻ ከቀረና፣ ሞያው ያላቸው ሰዎች መብቀያው መበላሸቱን ከመሰከሩ፣ ነቃዩ ይጠየቃል። ለአንድ ጥርስ በሸሪዓ የተደነገገው ካሣ አምስት ግመል መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ በዓይናቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ እንረዳለን። ጉዳዩን ለባለሞያ ምስክርነት መተዋቸውንም አስተውሉ።

ለየቲም ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። በዚያው ኪታብ እንደሚገኘው፣ በሕፃን ገላ ላይ የወጣን ዕብጠት መቁረጥ አደጋ ካለው፣ ሊያስቆርጥ የሚችለው አባት ወይም የአባት አባት ነው፤ ያውም መተዉ ከመቁረጡ የባሰ አደጋ ያለው እንደሆነ ብቻ። አገር የሚያስተዳድረው ሱልጣን እንኳ ይህ ሥልጣን የለውም። አባት ለሌለው ሕፃን አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት ወይም እኛ የማኅበሩ ሰዎች ይህን የመወሰን ሥልጣን ከየት እናመጣለን? በአል-ኢስራእ ምዕራፍ 34ኛ አንቀጽ የየቲሙን ገንዘብ መልካም በሆነው መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳንቀርብ ታዝዘናል። ገንዘቡ እንዲህ ከተጠበቀ ገላው እንዴት?

የአገሪቱም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ1997 ዓ.ም በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ሕፃናትን ለሞት የሚዳርጉ ጎጂ ልማዶችን ሲዘረዝር የሕፃን እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስም ጠርቷል። ይሁን እንጂ አንዲትን አያት በሕግ ማስፈራራት ብቻውን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ አያመጣውም፤ ሌሊት ተሸሽጋ እንድትሄድ ያደርጋታል ብዬ እሠጋለሁ።

ስለዚህ ለአሳዳጊዎች የሚደረገውን እንናገር። ሕፃኑን ካስቀመጠው ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ይጨመርለት። ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ኦ አር ኤስ፣ አንዱን ፓኬት አፍልተው ባቀዘቀዙት አንድ ሊትር ውኃ በጥብጠው፣ ባስቀመጠው ቁጥር በማንኪያ ቀስ እያሉ ያጠጡት። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ታግሠው እንደገና ይጀምሩ። ከአንድ ቀን ያለፈው ብጥብጥ ይደፋ። ዚንክ የተባለው እንክብል ከስድስት ወር በላይ ለሆነ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ ግማሹ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እንኳ ለዐሥር ቀን ይሰጣል። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን በቤት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሞያ ቤት የት እንደሆነ ከወዲሁ ማወቅ ግማሽ ሕክምና ነው።

ጥርሱ ራሱ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ቀላል ነው። ጥርስ ሳይወጣ በፊት ድዱን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ መጥረግ ይበቃል። የሚያሳክከው ከሆነ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ የተነከረ ጨርቅ እንዲያኝክ ይሰጠው፤ ንጹሕ ጣትም ድዱን ቢያሸው ደስ ይለዋል። አንገት ላይ የሚታሠር ክርና ዶቃ ሊያንቀው ስለሚችል ይቅር። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ድድ ያቃጥላሉ። ማር መድኃኒት መሆኑን ቁርኣን ነግሮናል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አንጀቱ ገና ስለማይችለው ሐኪሞች ይከለክላሉ፤ ስለዚህ በድዱም አይቀባ።

መጀመሪያ የሚወጡት የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ናቸው። ከዚያ የላይኞቹ ይከተላሉ፤ የፊተኞቹ መንጋጋዎች ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ክራንቻዎቹ ደግሞ ከ16 ወር ጀምሮ ይወጣሉ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ሃያው ይሟላሉ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል የፍሎራይድ ሳሙና፣ ጠዋትና ከመኝታ በፊት ይቦረሽ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአተር ፍሬ ያህል ይሁን። «ለምን በሲዋክ አይሆንም?» ለምትሉ፣ ሲዋክ በአራክም በወይራም መፋቂያ ለአዋቂው የተወደደ ሱና ነው፤ የሕፃን ድድ ግን ጭራሮውን አይችለውም። በሻፊዒይ መዝሀብ ሱናው በማንኛውም ሻካራ ነገር ይገኛል፤ ብሩሽም ከዚያ ይቆጠራል። ልጁ ዐዋቂ ሲያደርግ አይቶ መኮረጅ ስለሚወድ ለሰላት ስትዘጋጁ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ከምላጩ ቀጥሎ የወተት ጥርስን የሚያጠፋው ስኳር ነው። እዚህ ላይ ረጂ ወገኖቼን በአክብሮት አንድ ነገር ላሳስብ። እናት የሌላቸውን ሕፃናት ለመርዳት ስኳርና ጡጦ አብራችሁ ትልካላችሁ፤ ኒያችሁን አላህ ይቀበለው። ነገር ግን በድሃ ቤት ወተት ሲያልቅ ጡጦው ውስጥ የሚገባው በስኳር የጣፈጠ ሻይ ነው። ሕፃኑም ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ያንቀላፋል። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱ በስኳር ይታጠባል። መጀመሪያ ከድዱ ጠርዝ ነጭ መስመር ይታያል፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የፊት ጥርሶቹ እስከ ሥራቸው ይቆረሳሉ። «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» ማለትም ስሕተት ነው። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፤ ለቋሚው ጥርስ ቦታ የሚጠብቁትም እነርሱ ናቸው። ጥርሱ የሚያመው ልጅ አይበላም፣ አይተኛም፤ መድረሳ ሲመጣም ትኩረቱ ሁሉ ጉንጩ ላይ ነው።

በመሆኑም ከስኳሩ ይልቅ ዱቄት ወተት የሚቀዳበት ክፍት ኩባያና ማንኪያ፣ የገላ ሳሙና፣ ኦ አር ኤስ፣ የሕፃን ብሩሽ ብትልኩ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከድጎማው ተለይቶ የሚቀመጥ የመጓጓዣ ገንዘብ ያስፈልጋል። አያቲቱ ወደ ግግ አውጪው የሄዱት እርሱ ሰፈራቸው ስለሆነ፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ የባጃጅ ዋጋ ስለሚጠይቅ ነበር። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልጠየቅኋቸውም።

በጉብኝታችን ወቅት እናቶች ደጋግመው ያነሡት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ዓመት ሞልቶት አንድም ጥርስ ስላላወጣ ሕፃን ነው። አትሥጉ። ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አይራመድም፤ ጥርስም እንዲሁ ነው። እስከ 18 ወር ድረስ አንድም ካልታየ ግን ለሐኪም ይታይ። ድዱን ማንም ሰው በምላጭ እንዳይፈልግለት።

ወሏሁ አዕለም።